ጾም ከመግባቱ በፊት

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲቃረቡ የስኳር ክትትል ክፍላችን ለመጣ ሁሉ፣ ልኬቱን ከማየቴ በፊት «ዘንድሮ ይጾማሉ?» እላለሁ። አብዛኛው ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። «ይቅርብዎ» መባሉን ለምዶታላ! እሺ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ይጾማል፤ መድኃኒቱን ግን እንደ ወትሮው በወትሮው ሰዓት ይወስዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደፍረስ ያለውን ኤንፒኤች ኢንሱሊን ተወግተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እስከ 9 ሰዓት እህል በአፋቸው አይዞርም። ያ መርፌ ደግሞ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጉት ከ4 ሰዓት ወዲያ ነው፤ ልክ ሆዳቸው ባዶ በሆነበት በቀትር። «ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጾም አይደል ልጄ፣ ድካም ያለ ነው» አሉኝ። ስኳራቸው እየወረደ ነበር። ከሐኪሙ ጋር ሆነን የመርፌውን መጠንና ሰዓት ከማዕዳቸው ጋር አስማማነው።

ለረመዳን የተለመደ መንገድ አለ፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ለሚወጉ የጠዋቱ መጠን ወደ ኢፍጣር ይዛወራል፣ የማታው ከሩብ እስከ ግማሽ ተቀንሶ በሱሁር ይወጋል። ይህንንም ሐኪም ለየሰው ይመዝነዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር እምብዛም አያወርድም፤ ግሊቤንክላሚድ ግን ለጾመኛ አስቸጋሪ ነው። ዓይነት 1 ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳራቸው ሲወርድ የማይታወቃቸው ባይጾሙ እላለሁ፤ ወደ ንስሐ አባታቸው ወይም ወደ ሼካቸውም እልካቸዋለሁ። ከእኔ «አይሆንም» ይልቅ የእነሱ «ይብሉ» ይሰማል።

ገበታው ሌላ ጣጣ ነው። ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት የጾም ምግብ ስኳር አይጨምርም ብሎ የሚያምን ብዙ ነው፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹ ተደራርቦ ሲበላ ግን ልኬቱ ሽቅብ ይወጣል።

«ጣቴን ስወጋ ጾሜ አይፈርስም?» ይሉኛል ሙስሊሞቹ። አብዛኞቹ ዑለማዎች አያፈርስም ይላሉ፤ ስለዚህ ይለኩ። ከ300 ካለፈ ጾሙን ትቶ ወደ ጤና ተቋም ነው። ከ70 በታች ከሆነም ጾሙ ይፈታል፤ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት። ክርክሩ የሚከረው አመሻሽ ላይ ነው፤ «ለማፍጠር ምን ቀረኝ?» ይላሉ። ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም አይጠበቅም።