ነጥቡ በመስመሩ ላይ ነውን?

ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራው ጂኦሜትሪን ከአልጀብራ ጋር ካስተሳሰረ ወዲህ፣ መስመርን በዓይን ብቻ ሳይሆን በእኩልታም መመርመር ተችሏል። ዋይ = 2ኤክስ + 3 የሚለውን እኩልታ እንውሰድ። ነጥብ (4፣ 11) ቢቀርብልን በኤክስ ቦታ 4ን እንተካለን፤ 2 × 4 + 3 = 11 ስለሚሆን ነጥቡ በመስመሩ ላይ ይገኛል። ቅደም ተከተሉ ተለውጦ (11፣ 4) ቢሆን ግን 25 እንጂ 4 አናገኝም። ነጥብ (100፣ 202)ም አይገኝበትም፤ እኩልታው የሚሻው 203ን ነውና። አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ሰሌዳ ላይ ብንሥለው ይህ ልዩነት በጠመኔው ውፍረት ይዋጣል፤ ዓይናችንም «መስመሩ ላይ ነው» ብሎ በሐሰት ይመሰክራል። ስለዚህ ተማሪዎቼን «ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ነገር ግን ሳትተኩ አትፍረዱ» እላቸዋለሁ።