ፍጻሜ፣ ማለቅና ማብቃት፤ ተረትና እውነታ

በየካና በእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው «ፍጻሜ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ቀብርን፣ ጥፋትንና መለያየትን ብቻ ማሰቡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቃሉ የወጣበት «ፈጸመ» የተሰኘው የግእዝ ግሥ አስቀድሞ የሚያመለክተው የተጀመረን ነገር ወደ ሙላቱ ማድረስን ስለ ሆነ፣ ነውር የሌለበት «ፍጹም» ይባላል፤ ሕግን በሥራ ላይ የሚያውለው አካል «አስፈጻሚ» ይሰኛል፤ ኑሯቸውን ገና የሚጀምሩ ሙሽሮችም «ጋብቻ ፈጸሙ» ይባልላቸዋል። የእንግሊዝኛውም «ኤንድ» መጨረሻንም ዓላማንም የሚጠራ በመሆኑ፣ ሁለተኛውን ፍች ዘንግቶ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው የደራሲውን ሐሳብ ያበላሽበታል።

ስለ እንጦጦ የሚነገረውም ተረት ከዚሁ ስሕተት የተወለደ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወረደ፣ የእንጦጦም ታሪክ በዚያው ተዘጋ ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። እውነታው ግን፣ ንጉሥ ምኒልክ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ የተባሉት ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም.፣ በታችኛው አዲስ ከተማ ሳይሆን እዚያው በላይ፣ በርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ከክብሩ ሁሉ ከፍተኛ ወደ ሆነው የደረሰው እንግዲህ ተተወ ከሚባልበት ዘመን በኋላ ነው፤ ይህን መዘጋት ማለት ታሪኩን መበደል ነው።

በእውነት ያለቀው ማገዶው ነበር። ዛሬ ኮረብታውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ጥድና ወይራው ተቆርጦ ከተማዪቱ በማገዶ እጦት ስለ ተጨነቀች፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብ ደርሰው፣ በዚያ ያስጀመሩት ቤተ መንግሥት ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከአውስትራልያ የመጣው፣ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍም አዲስ አበባን በስፍራዋ አጸናት።

የዚያን ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ለሚወርዱት እናቶች ደግሞ «ማብቃት» የሚለው ቃል ይገባቸዋል። ብዙ ሰው ማቆምን ብቻ ያስብበታል፤ ሆኖም ማዕርገ ቅድስና ላይ የደረሱትን «የበቁ አባቶች» የምንላቸው፣ በመሥሪያ ቤትም «ሴቶችን ማብቃት» ተብሎ የሚጻፈው፣ ቃሉ ለማዕርግ፣ ለአቅም ማድረስን ስለሚይዝ ነው። ያን ከባድ ሸክም ትተው በሽመና ለመተዳደር የበቁ እናቶች በእንጦጦ ሥር አሉ።