የቅምሻ ቤቱ ሒሳብ

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት መሃል፣ ከትልቁ ከተማ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ርቀው፣ ጠበብ ረዘም ያሉ አሥራ አንድ ሐይቆች ተደርድረዋል። አካባቢው ፊንገር ሌክስ ይባላል። ዛሬ ከ100 በላይ የወይን ጠጅ አምራቾች አሉበት። የቱሪዝም መጽሔቶች ይህን ሁሉ ለሐይቆቹ ይሰጡታል። ግማሹ እውነት ነው። 188 ሜትር ገደማ የሚጠልቀው ሴኔካ ሐይቅ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት በብርዱ ወራት ቀስ እያለ ለተዳፋቱ ይለቃል። በጸደይ ደግሞ ውሃው ገና ስላልሞቀ ወይኑ ቶሎ እንዳያቆጠቁጥ ይይዘዋል፤ የዘገየ ውርጭ ቢመጣ እንቡጡ ገና አልፈነዳም። ሐይቆቹ ግን ከበረዶ ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። የዛሬው ገበያ የተፈጠረው ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ከውሃው ውጭ መፈለግ ግድ ይላል።

ወይን ጠጅ በአካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ በፋብሪካ ይጠመቅ ነበር። ከ1920 እስከ 1933 የዘለቀው የአልኮል ክልከላ ብዙዎቹን ፋብሪካዎች አጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ምርቱን የሚያስረክበው እንደ ቴይለር ላሉ ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ሆነ። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ሲሆን ዋጋ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ለአርሲ የቢራ ገብስ አምራች ማስረዳት አያስፈልግም። ኮካኮላ በ1977 ቴይለርን ገዛው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከካሊፎርኒያ ርካሽ ወይን ጠጅ እያስመጡ መቀላቀሉ ስላዋጣቸው ከአካባቢው ገበሬ የሚገዙትን እየቀነሱ ሄዱ።

መውጫውን የከፈተው በ1976 የጸደቀው የእርሻ ወይን ጠጅ ሕግ ነው። በዓመት ከ50,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ190,000 ሊትር ገደማ በታች የሚጠምቅ ገበሬ፣ ክፍያው በተቀነሰ ፈቃድ፣ ወይን ጠጁን በእርሻው ላይ በቀጥታ ለጠጪው እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ሕጉ ድጎማ አልበጀተም፤ የተለወጠው የመሸጥ መብት ነው።

ለውጡን በብር፣ ይቅርታ፣ በዶላር እንየው። በአሜሪካ ልማድ ጠርሙሱ ከአምራች ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ቸርቻሪ ያልፋል። መደርደሪያ ላይ 20 ዶላር የሚሸጥ ከሆነ አምራቹ እጅ የሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው። ጎብኚው ቀምሶ በሚገዛበት የእርሻው ቅምሻ ቤት ሲሸጥ ግን 20ው ዶላር እሱ ጋ ይቀራል። ከአንድ ቶን ወይን ደግሞ ወደ 700 ጠርሙስ ይገኛል። ለፋብሪካ በቶን ይሸጥ የነበረ ቤተሰብ ይህን ሲያሰላ በርሜል መግዛቱ አያስገርምም። ከሕጉ በፊት በመላው ክፍለ ግዛቱ ከ20 የማይበልጡ አምራቾች ነበሩ፤ ዛሬ ከ400 ይበልጣሉ።

በርሜል መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚወደውን ወይን ማብቀል ሌላ። የአውሮፓ ዝርያ በዚያ ብርድ አይጸድቅም የሚል እምነት ነግሦ ነበር። ይህን የሰበረው በ1951 ወደ አሜሪካ የተሰደደው የዩክሬን ተወላጅ ዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ ነው። ኦዴሳ ውስጥ በወይን ሳይንስ ዶክትሬት የያዘው ይህ ሰው በዚያው አካባቢ ጄኒቫ ከተማ በሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ ቁጥቋጦ መኮትኮት ነበር። በኋላ የጎልድ ሲል ፋብሪካ ኃላፊ ሻርል ፉርኒዬ አመነውና ቀጠረው፤ ሪዝሊንግና ሻርዶኔ የተባሉትን የአውሮፓ ዝርያዎች ብርድ በሚችል ሥር ላይ እያጣበቀ አጸደቀ፤ በ1962 የራሱን ድርጅት ከፈተ። የምርምር ጣቢያ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ዕውቀት መኮትኮቻ ሲያስይዝ ይኸው ነው።

ጣቢያውን ግን በዚህ ብቻ መፍረድ ግፍ ይሆናል። እንደ ካዩጋ ኋይት ያሉ ብርድ የሚችሉ ዝርያዎችን ለገበሬው ያወጣ እሱ ነው። ከብርዱ ምሽቶች በኋላ ገበሬው ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ቤት ያስገባል፤ እያንዳንዱን እንቡጥ በምላጭ ይሰነጥቃል። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ከመቶው ስንቱ እንደሞተ ቆጥሮ፣ በዚያው ልክ ሲገርዝ ተጨማሪ እንቡጥ ይተዋል። ይህን ምላጭ ያስያዘው የዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን አገልግሎት ነው፤ ባንክ ለወይን እርሻ ሲያበድር የሚቀበለው ሥጋት የቀነሰው በእንዲህ ያለ ሥራ ይመስለኛል።

ቱሪዝሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1983 በካዩጋ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ አምራቾች ተባብረው ጎብኚው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዞርበትን መንገድ ዘረጉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ተፎካካሪ መሆናቸው አልጎዳቸውም፤ ለአንድ ቅምሻ ቤት አምስት ሰዓት የሚነዳ የለም፣ ለአሥር ግን አለ። ድክመቱ እዚያው ላይ ነው። ገቢው በበጋና በመኸር ቅዳሜና እሁድ ላይ ይከመራል፤ በቅምሻ ቤት የለመደ ትንሽ አምራችም በግማሽ ዋጋ ለአከፋፋይ መስጠቱ ስለሚያንገበግበው ማንሃታን መደርደሪያ ላይ ለመውጣት ያመነታል።

ሕጉም የሚያስከፍለው ዋጋ አለው። የእርሻ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ኒው ዮርክ የበቀለ ወይን መጠቀም አለበት። በግንቦት 2023 ሌሊት የጣለ ውርጭ ያቆጠቆጠውን ወይን በብዙ እርሻ አቃጥሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት የግብርና ኮሚሽነሩ ከሌላ ክፍለ ግዛት ወይን እንዲገባ መፍቀድ ይችላል። ያኔ ወይኑ ያለቀበት ጠማቂ ፈቃዱን ይለምናል፤ ውርጩ የማረው ጎረቤቱ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የተወደደው ወይኑ በካሊፎርኒያ ጭነት እንዲረክስበት የሚፈልግበት ምክንያት የለም።