የተረከዝ ቅባት ከቤታችን ሰም

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ባሉ ሱቆች ከውጭ አገር የመጣ የቆዳ ቅባት ይሸጣል። ዋጋው ውድ ነው። አንዳንዱ የሚሠራው ከዘይትና ከንብ ሰም ነው። ሰም ደግሞ ከአገራችን ወደ ውጭ ይላካል። ታዲያ እኛስ ለምን ቅባቱን አንሠራም?

አሠራሩ ይህ ነው።

1. የማር ሰፈፍ በውኃ አፍልታችሁ በጨርቅ አጥልሉ። ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል።

2. አንድ ማንኪያ ሰምና አራት ማንኪያ የኑግ ዘይት በጣሳ አድርጉ።

3. ጣሳውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። የጋለ ሰም በእሳት ይያያዛል።

4. ሲቀልጥ አማስሉት። በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ገልብጡት። ውኃ ከገባበት ይበላሻል።

ማታ ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ። በጣቶቻችሁ መካከል አድርቁ። ከዚያ ተረከዛችሁን ተቀቡ። ቅባቱ የቆዳውን እርጥበት ይይዛል። ቆዳውም ይለሰልሳል።

«ተረከዝ ቢሰነጠቅ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! በስንጥቁ ጀርም ይገባል። እግር ይቆስላል።

ሌላም ነገር አለ። በጎጃምና በሌሎች ደጋ አገሮች፣ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። እግሩ ያብጣል። ይህ ከአፈር የሚመጣ ዝሆኔ እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ቅባት ቆዳን ያግዛል እንጂ ጫማን አይተካም።

ቁስል ላይ ቅባቱን አታድርጉ። እግሩ ያበጠ ወይም የቆሰለ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ጣሳው በቀጥታ እሳት ላይ የማይጣደው ለምንድን ነው?