ስለ ቦዬ ቦምቦሊኖ አሠራርና ለገበሬው ስለሚሰጠው ጥቅም

በአዲስ አበባ፥ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፥ በሌላውም የከተማው ክፍል እንደሚደረገው ኹሉ፥ ቦምቦሊኖ ከሻይ ጋራ የሚበላ ቁርስ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲኾን የሚሠራውም ከስንዴ ዱቄት፥ ከስኳርና ከእርሾ ነው። ስለዚህ በወላይታና በጋሞ ቦዬ የሚተክለው ገበሬ ከዚህ ገበያ ድርሻ የለውም። ቦዬ ተቀቅሎ ከመበላት በቀር ሌላ አገልግሎት ካላገኘ፥ የከተማው ሰው አይፈልገውም፤ ፈላጊ ያጣውን ተክል ደግሞ ገበሬው ቀስ በቀስ ይተወዋል።

በፊሊፒንስ ሀገር ኡቤ የሚባል፥ ውስጡ ሐምራዊ የኾነ የቦዬ ወገን አለ። ይህም ለብዙ ዓይነት ጣፋጭ ይውላል፤ ከሚጣበቀው ሩዝ ዱቄት ጋራ ተለውሶ በዘይት ሲጠበስም፥ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ምግብ ይኾናል። ሐምራዊው ቀለም ለዓይን ደስ ያሰኛል እንጂ ለመለጠጡ ምክንያት አይደለም። የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን የሚባለው ነገር ነው፤ ቦዬ ግን የሚያያዘው በስታርች ነው። ስታርች ውሃና ሙቀት ባገኘ ጊዜ ያብጥና እንደ ሙጫ ይኾናል። በሚጣበቀው ሩዝ ፈንታ እኛ ከእንሰት ተጨምቆ የሚጠለለውን ቡላ ልናገባ እንችላለን።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ግማሽ ኪሎ ቦዬ ልጦ፥ ቆርጦ፥ እስኪበስል መቀቀል፤ ጥሬው ቦዬ እጅን ሊያሳክክ ስለሚችል የሚልጠው ሰው እጁን ዘይት ይቀባ። ውሃውን አጥልሎ፥ ትኩሱን እንዳለ ጓጐል ሳይቀርበት መደቆስ። ከዚያ 250 ግራም የተነፋ ደረቅ ቡላ፥ 60 ግራም ስኳርና ጥቂት ጨው ጨምሮ ማሸት። የቦዬው ትኩሳት የቡላውን ከፊል ስለሚያበስለው ሊጡ ይያያዛል፤ ቦዬው ከቀዘቀዘ ግን ሊጡ ይፈረፈራል። ቢደርቅ ሙቅ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ይጨመርበት።

ሊጡን በትንንሹ አድቦልቡሎ በመካከለኛ እሳት፥ 165 ዲግሪ ያህል በሞቀ ዘይት መጥበስ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ቁራጭ ሊጥ ይጣልበት፤ ወደ ታች ወርዶ ቀስ ብሎ ከተነሣ ዘይቱ ደርሷል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሊጥ እንፋሎቱን በውስጡ ስለሚይዝ፥ ትልቅ ከኾነ ወይም ዘይቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ፈንድቶ ዘይት ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ሊጡ ትንሽ ይኹን፥ ከመጠበሱ በፊት በቀጭን እንጨት ይወጋ፥ ሕፃናትም ከምድጃው ይራቁ። ዘይቱ እሳት ቢይዝ በክዳን ይታፈን እንጂ ከቶ ውሃ አይፍሰስበት።

የተጠበሰው በዚያው ቀን መበላት አለበት፤ ባደረ ጊዜ ስታርቹ ተመልሶ ስለሚጠጥር መለጠጡ ይጠፋል።

እንግዲህ የየወረዳው የእርሻ ሹማምንት ይህን ሲያስተምሩ ሦስት ነገር ያስቡ። መጀመሪያ፥ ከጫካ የሚቈፈረው ቦዬ መርዝ ያለበት ሊኾን ስለሚችል፥ ለምግብ የሚውለው በጓሮ የተተከለውና የአገሩ ሰው የሚያውቀው ብቻ ይኹን። ኹለተኛ፥ የተለያየው የቦዬ ዘር እኩል አይለጠጥምና፥ የትኛው እንደሚሻል ለብዙ ዘመን የቀቀሉትን የአገሩን እናቶች ይጠይቁ። ሦስተኛ፥ ቦዬ የሚተከለው ከራሱ ከሥሩ ስለ ኾነ፥ ገበያ ተገኘ ተብሎ ኹሉ ቢሸጥ ለሚመጣው ዓመት የሚተከል አይቀርም። ስለዚህ ገበሬው አስቀድሞ ለዘር የሚኾነውን ይለይ፤ ከዚያ ቤተ ሰቡን ይመግብ፤ የተረፈውን ወደ ገበያ ያውጣ።