ሁሉንም ሕፃናት የሚያስተናግድ የመጫወቻ ሥፍራ፦ የኅብረተሰቡ ተሳትፎና የጤና ባለሙያው ድርሻ በኮልፌ ቀራኒዮ

መግቢያ

ስለ ሕፃናት መጫወቻ ሥፍራ ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጡት ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴና አጥር ናቸው። ሆኖም አንድ ሥፍራ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ብቻ ሕፃናት ሁሉ ይጫወቱበታል ማለት አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ልጅ መግቢያው ላይ ካለው ደረጃ ሊመለስ፣ ማየት የተሳነው ልጅ ባልተከደነ የፍሳሽ ቦይ ሊሰናከል፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ በጩኸትና በግፊያ ሊረበሽ ይችላል። ከእነዚህ ሌላ ወደ ሥፍራው ጨርሶ የማይመጣ ልጅ አለ፤ ይኸውም ቤተሰቡ የሰው ዐይንና የጎረቤት ወሬ ፈርቶ በቤት ውስጥ ያስቀረው ነው። ይህ ልጅ ንድፍ ሲወጣ በሚጠራው ስብሰባ ላይም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጫወቻ ሥፍራን ከኅብረተሰቡ ጋር መንደፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ በዚህም ሂደት በየቤቱ የሚገባው የጤና ባለሙያ ምን ድርሻ እንዳለው ማስረዳት ነው።

ጨዋታና ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መመሪያው አካል ጉዳተኛ ልጆችንም ለይቶ የሚጠቅስ ነው። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ የሚደረግ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ሕፃኑ በጨዋታ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ ሚዛኑን መጠበቅ ይለማመዳል፣ ቋንቋውን ያዳብራል፣ ተራ መጠበቅንም ይማራል። ሴሬብራል ፖልሲ ላለበት ወይም ለቆልማማ እግር ሕክምና ለተደረገለት ልጅ የመጫወቻ ሥፍራ በጤና ተቋም የተጀመረው ልምምድ በየዕለቱ ሳይሰለች የሚደገምበት ቦታ ሊሆን ይችላል። እናትም ከመሰሎቿ ጋር ተገናኝታ የምትመክርበትና ጭንቀቷን የምታቃልልበት ነው።

የሕግ መሠረት

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የማረፍና የመጫወት መብት ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች እኩል በጨዋታና በመዝናኛ እንዲሳተፉ ያዛል፤ በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 እነርሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲወሰን ሕፃናቱን ጭምር ማማከር እንደሚገባ ያመለክታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ በቀጥታ የሚመለከተው ሕንፃዎችን ቢሆንም መርሑ ለመጫወቻ ሥፍራም ያገለግላል።

የኮልፌ ቀራኒዮ ገጽታ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሩት። ቆየት ያሉ መንደሮች፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ከተማው ዳርቻ የተስፋፉ ሠፈሮች ጎን ለጎን ይገኙበታል። በክረምት ወራት ያልተነጠፈው መንገድ ሁሉ ጭቃ ስለሚሆን በበጋ ያለችግር የሚገባበት ሥፍራ በሐምሌና በነሐሴ ለተሽከርካሪ ወንበር የተዘጋ ሊሆን ይችላል።

አካባቢው ከሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚለይበት ታሪክም አለው። በዘነበወርቅ የሚገኘው የአለርት ማዕከል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ከዚያ በፊት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ሆስፒታል ሥፍራ ላይ ነው። ለሕክምና የመጡ ሕሙማን ከመገለል የተነሣ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ አዳጋች ሲሆንባቸው ከነቤተሰባቸው በዙሪያው ሠፍረዋል። በሽታው በመድኃኒት እንደሚድንና ሕክምናው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለጤና ባለሙያ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወላጅ «ልጄ ከእነማን ልጆች ጋር ነው የሚጫወተው?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የመወጣጫ ሥራ ብቻውን የሚፈታው አይደለም።

የቦታ መረጣም እንዲሁ የነዋሪውን ምስክርነት ይሻል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ የደረሰው የክምር መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩበት። አንድ ባዶ ቦታ ቀደም ሲል ምን ይጣልበት እንደነበር፣ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ሲመሽ ማን እንደሚሰበሰብበት ከካርታ ይልቅ ነዋሪው ያውቃል።

ተሳትፎ ምን ማለት ነው?

ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጽሑፍ የሕፃናትን ተሳትፎ ስምንት እርከኖች ባሉት መሰላል መስለውታል። ሕፃናትን ለጌጥ ማቆም ወይም ለስም ያህል መጥራት በታችኞቹ ሦስት እርከኖች ላይ የሚገኝ ሲሆን ተሳትፎ ሊባል እንደማይችል ያስረዳሉ። በዚህ መለኪያ፣ ያለቀለትን ንድፍ ለስብሰባ አቅርቦ ማስጨብጨብ ተሳትፎ አይደለም።

በዚህ ረገድ የአምስተርዳም ከተማ ተሞክሮ የሚጠቀስ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1947 ጀምሮ አርክቴክት አልዶ ፋን አይክ ለከተማይቱ ከ700 በላይ የመጫወቻ ሥፍራዎችን ነድፈዋል። የመጀመሪያው ከታየ በኋላ ነዋሪዎች «ለእኛም ሠፈር ይሠራልን» የሚል ደብዳቤ ለከተማው አስተዳደር ይጽፉ ነበር፤ ብዙዎቹም የተሠሩት በቤቶች መካከል በተገኙ ትናንሽ ክፍት ቦታዎች ላይ ነው። ቦታው ጠባብና ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ጥያቄው ከነዋሪው የመነጨ ነበር።

በኮልፌ ቀራኒዮ ለእንዲህ ዓይነቱ ምክክር መነሻ የሚሆኑ ተቋማት አሉ። እድር ሰውን በሐዘን ጊዜ የሚያሰባስብ እንደመሆኑ በየቤቱ ማን እንዳለ ያውቃል። ሆኖም በእድር ስብሰባ የሚናገሩት በአብዛኛው አባወራዎች ስለሆኑ እናቶችን በቡና ላይ፣ ልጆችን ደግሞ ለብቻቸው ማነጋገር ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ሕፃን በሥዕል፣ መስማት የተሳነው በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አማካኝነት ሐሳቡን ሊገልጽ ይችላል። ከዚያም ልጆቹና ወላጆቹ ከንድፍ አውጪው ጋር ሆነው ከቤት እስከ ቦታው ያለውን መንገድ በእግርና በተሽከርካሪ ወንበር ቢጓዙት የችግሩ መነሻ ይታያል። ንድፉንም በኖራና በገመድ በመሬቱ ላይ አስምሮ ልጆቹ እንዲሞክሩት ማድረግ በወረቀት ከማሳየት የበለጠ ይረዳል። በመጨረሻም የትኛው ሐሳብ እንደተወሰደ፣ የትኛውም በምን ምክንያት እንዳልተወሰደ ለሰጪዎቹ ተመልሶ ሊነገራቸው ይገባል።

ፍላጎቶች ሲጋጩ

ምክክር ሁልጊዜ ወደ ስምምነት አያመራም። ታዳጊ ወንዶች ሜዳው ሁሉ የኳስ እንዲሆን ሲፈልጉ እናቶች ጥላ፣ መቀመጫ፣ የመጠጥ ውኃና ሽንት ቤት ይጠይቃሉ። አሸዋ የሚወድቀውን ልጅ ከጉዳት ይከላከላል፤ የተሽከርካሪ ወንበርን ጎማ ግን ይውጣል። ስለዚህ አሸዋው በመወጣጫ መሣሪያዎቹ ሥር ብቻ ሆኖ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ጠንካራና ደልዳላ ቢሆን ሁለቱም ፍላጎቶች ይሟላሉ። ተዳፋቱ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት ቦታም 1.5 ሜትር ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል። በመሣሪያዎች ላይ ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ክፍተቶች የሕፃን ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ እንዲቀረቀር ሊያደርጉ ስለሚችሉ ይወገዳሉ።

ሁሉን አቀፍ መሆን የግድ ውድ መሣሪያን አይጠይቅም። ገበጣና ቅልልቦሽ ተቀምጠው የሚጫወቷቸው ስለሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር ቁመት የተሠራ ጠረጴዛ ይበቃቸዋል። የሰኞ ማክሰኞ መስመሮች በደማቅ ቀለም ቢሰመሩ የማየት ችሎታው የደከመ ልጅ ይለያቸዋል። ለእቃቃ ጨዋታ የሚሆን ጸጥ ያለና ከፊል የተከለለ ጥግ ደግሞ ጩኸት ለሚረብሸው ልጅ መጠለያ ይሆናል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኋላ ወደ ከተሞች ሲስፋፋ የጤና ባለሙያዋን ወደ እያንዳንዱ ቤት አስገብቷል። በጓዳ የቀረውን ልጅ ለማግኘት ከእርሷ የተሻለ ዕድል ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። በክትባትና በዕድገት ክትትል ወቅት «ልጁ የሚጫወተው የትና ከማን ጋር ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ብዙ ነገር ይገልጣል። ሆኖም የቤተሰቡ ምስጢር ሊጠበቅ ይገባል፤ የልጁ ስምና የጤና ሁኔታ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለንድፍ አውጪ አይሰጥም። ግብዣው በባለሙያዋ በኩል ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ለመምጣት ወይም ለመቅረት የሚወስነው ግን ቤተሰቡ ነው።

ጤና ጣቢያዎች በጨዋታ ላይ በወደቁ ሕፃናት ላይ የሚያዩትን የጉዳት ዓይነት፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ለልጆቹ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ለንድፍ አውጪዎች ሊያስረዱ ይችላሉ። ስለ ሥጋ ደዌ፣ ስለ ሚጥል በሽታና ስለ ኦቲዝም ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶችን በምክክሩ ላይ ማረምም የባለሙያው ተግባር ነው።

ማጠቃለያ

በአዲስ አበባ በተለይም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ በርካታ የሕፃናት መጫወቻዎች ተሠርተዋል። የእነዚህም ሆነ ወደፊት በኮልፌ ቀራኒዮ የሚሠሩት ሥፍራዎች ውጤት በመሣሪያዎቹ ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ሥፍራው ከተከፈተ ከወራት በኋላ፣ በበጋም በክረምትም፣ በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም ማን እንደመጣ መቁጠር ይቻላል። ማን እንዳልመጣ ለማወቅ ግን በየቤቱ ገብቶ መጠየቅን ይሻል። ይህንንም ለማድረግ የጤና ባለሙያው ቀድሞውኑ በሩ ላይ ይገኛል።