ሕግ ያፈነውን ዘፈን ሲናገረው፦ የአየርላንድ ፓንክ ለምን ጮኸ?

በአየርላንድ አንድ ሙዚቀኛ ስለ ፖለቲካ አፉን በከፈተ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ዘፋኝ ይዝፈን፤ ፖለቲካውን ለባለቤቱ ይተው» ሲል፣ ሌላው «እሱ ካልተናገረ ማን ይናገር?» ይላል። በ2025 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒካፕ የተባለው የቤልፋስት የራፕ ቡድን አባል ለንደን መድረክ ላይ የሂዝቦላህን ባንዲራ አሳይቷል ተብሎ በፀረ ሽብር ሕግ ሲከሰስ ክርክሩ እንደ አዲስ ጋለ። ተከሳሹ ክሱን አስተባበለ፤ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር ወር በሥነ ሥርዓት ጉድለት ዘጋው፤ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ። ኒካፖች የሚጫወቱት ራፕ ቢሆንም ብዙ አድማጭ የሚቆጥራቸው ከፓንክ ወገን ነው። የሚነሳባቸው ጥያቄም ፓንክ ቤልፋስት ከገባበት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው።

ይህ ሙዚቃ ለምን እንዲህ ተቆጣ ሲባል መልሱ ቶሎ ይመጣል፦ ሥራ አጥነት፣ ከ3,500 በላይ ሰው የፈጀው የሰሜን አየርላንድ ግጭት፣ ከለንደን የተዛመተው የፓንክ ሞገድ። ሁሉም እውነት ነው። ሥራ አጥነት ግን ማንቸስተርና ሊቨርፑልም ነበረ። በእኔ እምነት ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ የቀረው ምክንያት፣ ስለ ግጭቱ ማን በራዲዮና በቴሌቪዥን መናገር እንደሚችል በደብሊንም በለንደንም መንግሥት የወሰነበት ዘመን መኖሩ ነው። በዚያ በኩል በሩ ሲዘጋ ብዙ ነገር ወደ ዘፈን ተገፋ።

በደብሊን በኩል መሣሪያው የ1960ው የብሮድካስት ሕግ አንቀጽ 31 ነበር። በዚህ አንቀጽ ሚኒስትሩ በ1971 ስርጭትን የሚያግድ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ብሔራዊው ጣቢያ አር.ቲ.ኢ. ከታጣቂው የአይ.አር.ኤ. ድርጅት አንድ መሪ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስን ይዘት በማሰራጨቱ ቦርዱ እንዳለ ተባረረ። ከዚያ ወዲያ ጋዜጠኛው ራሱን መጠበቅ ጀመረ። በ1990 ደብሊን ውስጥ የአንድ ኬክ ፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ቃል አቀባያቸው ከአይ.አር.ኤ. ጋር የተቆራኘው የሺን ፌን ፓርቲ አባል ስለነበር ስለ አድማው የሰጠው ቃል ከአየር ላይ ታገደ። ሰውዬው ስለ ጦርነት ትንፍሽ አላለም፤ የተናገረው ስለ ሠራተኛ ጥያቄ ነበር። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ረታ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1993 ጣቢያው ሕጉ ከሚለው በላይ መሄዱን አረጋገጠ። ሳንሱር ሁልጊዜ ጉዞው እንዲህ ነው፤ ሕጉ አንድ ክንድ ሲከለክል ፍርሃት ሦስት ክንድ ይጨምርበታል።

ለንደን በኦክቶበር 1988 ተከተለች። የሺን ፌንና የሌሎች ድርጅቶች ተወካዮች ድምፅ እንዳይሰማ ታዘዘ። ውጤቱ ለማመን የሚከብድ ነበር፦ የሺን ፌን መሪ ጌሪ አዳምስ በቴሌቪዥን ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፣ ቃሉን ግን የሚያነብለት ተዋናይ ነው። የደብሊኑ ትእዛዝ በጃንዋሪ፣ የለንደኑ በሴፕቴምበር 1994 ቀረ።

ከለንደኑ እገዳ በፊትም ቢሆን ቤልፋስት ውስጥ ያልተጻፈ ልጓም ነበረ። የቢቢሲ ጋዜጠኞች የሰሜን አየርላንድን አወዛጋቢ ጉዳይ ለመንካት የበላይ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ የተባለው ባንድ በ1979 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ግጥሞቹን አብሮ ይጽፍ የነበረው ጎርደን ኦግልቪ የተባለ ጋዜጠኛ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ምልክት ነው። በእኛ አገር ሹማምንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበረው ሁሉ፣ የቤልፋስትን ወጣት ልብ ለማወቅ የሚሻልም ያ አልበም ነበር። የደሪ ከተማዎቹ ዘ አንደርቶንስ በአንጻሩ በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቻቸው ስለ ግጭቱ አንዘፍንም አሉ፤ በወታደር በተከበበች ከተማ ስለ ፍቅርና ስለ ወጣትነት መዝፈንም በራሱ መልስ ነበርና አልፈርድባቸውም።

የአፈናውን ጉዳት ከሁሉ የሚያሳየው የዘ ፖግስ ባንድ ታሪክ ነው። በኖቬምበር 1974 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ውስጥ በፈነዱ ቦምቦች 21 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ስድስት አይሪሾች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። እስረኞቹ ያመንነው ተደብድበን ነው አሉ። ፖሊስን በፍትሐ ብሔር ሲከሱ፣ ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ በ1980 መዝገቡን ዘጉት፦ ሰዎቹ ቢረቱ ፖሊስ ደብድቧል፣ ዋሽቷል ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እጅግ አስፈሪ ስለሆነ ክሱ መቀጠል የለበትም የሚል ነበር ምክንያታቸው። በጃንዋሪ 1988 ይግባኙ ውድቅ ሆነ። በዚያው ወር የሼን ማክጋወን ባንድ ዘ ፖግስ ስለ ስድስቱ የሚናገር ዘፈን ያለበትን አልበም አወጣ። በዓመቱ መጨረሻ የግል ጣቢያዎችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ዘፈኑ እንዳይሰራጭ ከለከለ፤ የተፈረደባቸው ሰዎች ወንጀለኛ አይደሉም ይላል በሚል።

በማርች 1991 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስድስቱን ለቀቃቸው። 16 ዓመት ታስረው ነበር። ዘፈኑ አስፈታቸው አልልም፤ ያስፈቷቸው ጠበቆች፣ እንደ ክሪስ ሙሊን ያሉ ጋዜጠኞችና የማይደክሙ ቤተሰቦች ናቸው። ግን የታገደው ዘፈን እውነቱን ይዞ ነበር፤ አጋጁ ሥርዓት ደግሞ ስህተቱን።

ሕግ ያላወጀው ዝምታም ነበረ። አይሪሿ ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነር የፓንክ ባንድ ባይኖራትም ከድፍረቱ አልጎደለችም። በኦክቶበር 3 ቀን 1992 በአሜሪካ የቀጥታ ቴሌቪዥን ስርጭት ያለ መሣሪያ አጃቢ የቦብ ማርሌን «ዋር» ዘፈነች። የዚያ ዘፈን ግጥም አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ስለ ዘረኝነት በተነገረው ቃል መሐል በልጆች ላይ የሚፈጸምን በደል አስገባችበት፤ ሲያበቃም የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ፎቶ ቀደደች። ልጅ ሳለች ደብሊን ውስጥ በመነኮሳት በሚመራ ተቋም ቆይታለችና ከየት እንደምትናገር ታውቅ ነበር። አልበሞቿ በኒው ዮርክ ጎዳና በዳምጠው ተጨፈለቁ። በማግስቱ ዓመት ያንን ተቋም ይመራ የነበረው የመነኮሳት ማኅበር መሬት ሲሸጥ የ155 ሴቶች አጽም ከመቃብር ወጣ። በ2009 የራያን ኮሚሽን ሪፖርት በቤተ ክርስቲያን በሚመሩ ተቋማት ልጆች ለአሥርት ዓመታት መደብደባቸውንና መደፈራቸውን በዝርዝር አጋለጠ። በመሐሉ ያለፉት 17 ዓመታት ለተበዳዮቹ ሌላ በደል ነበሩ።

ተቃራኒውን ክርክር አልንቀውም። በየሳምንቱ ቦምብ በሚፈነዳበት አገር ለታጣቂ ደጋፊ ማይክሮፎን መስጠት ያስፈራል፤ የሟች ቤተሰብ ያንን ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ መስማት ባይፈልግ ማን ይፈርድበታል? ጮክ ማለት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነም እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። ቦብ ጌልዶፍ ከደብሊኑ ዘ ቡምታውን ራትስ ባንድ ተነስቶ በ1984 እና በ1985 ለኢትዮጵያው ረሃብ በዘፈን ብዙ ገንዘብ አሰባስቧል፤ የዳነ ሕይወት አለና ምስጋናው ይገባዋል። ያ ዘፈን ግን ስለ ጦርነቱና ስለ ደርግ ፖሊሲ አንዳች አልተናገረም፤ የተራበው ሰውም በራሱ አፍ ሲናገር አልተሰማም። ለሌላው የሚጮህ ሰው የሌላውን ድምፅ ሊሸፍንም ይችላል።

ይህን ሁሉ ከመዘንኩ በኋላም ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላብኛል። በ2025 የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ቢቢሲ የኒካፕን ዝግጅት በቀጥታ አላስተላለፈም። ሕጉ ከቀረ ከ30 ዓመት በኋላም ልማዱ አለ። የኒካፖች አቋም ሁሉ ትክክል ነው አልልም፤ ባንዲራውንም አልደግፍም። ነገር ግን የተሳሳተ ዘፈን በአደባባይ ከተሰማ በአደባባይ መልስ ይሰጠዋል። የታገደ ንግግር ግን እውነት ይሁን ሐሰት የሚመዝነው ሰው አያገኝም፤ በርሚንግሃም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ የአየርላንድ ዘፋኝ ጨዋነት ጎደለው ሲባል ስሰማ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ በጉዳዩ ላይ በጨዋ አንደበት ሊናገሩ የሞከሩት ሰዎች የት ደረሱ የሚለውን ነው።